ከገነተ ልዑል ደረጃ እስከ ሰማዕታት ሐውልት፦ የየካቲት 12 ጉብኝት ምን ያህል ያስረዳል?

ስድስት ኪሎ ላይ በግማሽ ቀን የሚያልቅ፣ ከኪስ ብዙ የማያስወጣ ጉብኝት አለ፤ ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደረጃ ተነስቶ የካቲት 12 ሐውልት ሥር የሚያበቃው። በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ላይ ግን አንድ ቅኝ ገዥ መንግሥት ቦምብ ሲወረወርበት ምን እንዳደረገ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደፈጸመና በምን ቅደም ተከተል እንደሄደ ቦታው ላይ ቆሞ መከታተል ይቻላል። በአገራችን ይህን ያህል የተሟላ ቦታ ብዙ የለም።

ጉብኝቱ ከልብ የሚመከር ነው። ሆኖም በተለመደው መንገድ ከተጎበኘ ግማሹ ነገር ያመልጣል። አብዛኛው ሰው ከታክሲ እንደወረደ ሐውልቱን ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ «ሙዚየሙንም እንየው» ብሎ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ይገባል። ይህ ታሪኩን ከኋላ ወደፊት ማንበብ ነው። ሐውልቱ ለቅሶ ነው፤ ለቅሶ የሚደረሰው ደግሞ ማን እንደሞተና እንዴት እንደሞተ ከታወቀ በኋላ ነው። ስለዚህ መነሻው ደረጃው፣ መድረሻው ሐውልቱ ይሁን።

መግቢያው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ዋናው በር ነው። ፍተሻ አለ፤ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት መያዝ ያስፈልጋል። ከውጭ አገር የመጣ ሰው ፓስፖርቱን ሆቴል ትቶ ከወጣ በር ላይ ይጉላላል። የሙዚየሙን የሥራ ሰዓትና የመግቢያ ዋጋ በዚያው ሳምንት አስቀድሞ ማጣራት ይሻላል፤ ሁለቱም ይለዋወጣሉ። ጠዋት መግባት ይመረጣል፤ ዛፎቹ ሥር ጥላ አለ፣ የቤተ መንግሥቱም ፊት ጸጥ ያለ ነው። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከቆላ ወይም ከውጭ ለመጣ ሰው ደረጃ መውጣቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ረጋ ማለት ነው።

ሕንፃው ፊት ሲደርሱ ወዲያው አይግቡ። የመግቢያው ደረጃ ላይ ጀርባዎን ለበሩ ሰጥተው ወደ ግቢው ይዩ። ዓርብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ የነበረው በዚህ በኩል ነው። የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ተወልዶለት፣ ሕፃኑ የናፖሊ ልዑል ተብሎ፣ ይህን ምክንያት በማድረግ ለድሆች ምጽዋት ይሰጥ ነበር። ከፊት ለፊት የሚታየው ሜዳ በምጽዋት ፈላጊ ተሞልቶ ነበር፤ ዓይነ ስውሩ፣ አንካሳው፣ አሮጊቱ፣ ልጅ ያዘለችው። ከግራዚያኒ አጠገብ ሹማምንቱ፣ የጦር አዛዦቹና ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስ ነበሩ። ቀኑ የቅዱስ ሚካኤል ወርኀዊ በዓል ነው።

እኩለ ቀን ሲቃረብ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ መወርወር ጀመሩ። ሁለቱም ከኤርትራ የመጡ ወጣቶች ናቸው። አብርሃ በጣሊያኖቹ መሥሪያ ቤት ይሠራ ስለነበር ቤታቸውንም ቋንቋቸውንም ያውቃል። የተወረወሩት ቦምቦች ቁጥር ከሰባት እስከ አሥር ይነገራል። ግራዚያኒ ሰውነቱ በፍንጣሪ ተበሳሳ እንጂ አልሞተም። የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል አውሬሊዮ ሊዮታ እግሩን አጣ። አቡነ ቄርሎስ ቆሰሉ። አብርሃና ሞገስ በግርግሩ መሐል ወጥተው፣ መኪና ይዞ ይጠብቃቸው በነበረው በስምዖን አደፍርስ ረዳትነት ከከተማው ራቁ። አብርሃ ከቤቱ ሳይወጣ በፊት የኢጣልያን ባንዲራ ወለሉ ላይ በሳንጃ ቸንክሮ የኢትዮጵያን ባንዲራ አስሮበት ነበር። ስምዖን ግን ተይዞ በሥቃይ ሞተ። አስጎብኚ ካለ የስምዖንን ስም ማንሳቱን ልብ ይበሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው።

አሁን ከደረጃው ወርደው ሜዳው መሐል ይቁሙ። ከዚህ ቦታ ሲታይ የሚወጣበት በኩል ምን ያህል ጥቂት እንደነበር ይገባል። ከፍንዳታው በኋላ በሩ ተዘጋ፤ ካራቢኒየሪ የሚባሉት የጣሊያን ጦር ፖሊሶችና ወታደሮቹ ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ሕዝብ ላይ በጠመንጃና በመትረየስ ተኮሱ። ቦምብ የወረወሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ግቢው ውስጥ የተገደሉት ግን ሁለት ብር ለመቀበል የተሰለፉ ድሆች ናቸው። ከግቢው ተኩስ ተርፎ የወጣው ሰው ጥቂት ነበር።

ከሕንፃው ፊት ለብቻው የቆመ፣ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ፋሺዝም በ1922 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፈውን አንድ ዓመት ይወክላል። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ልጆች ይዞ የሄደ ሰው እርከኖቹን አንድ በአንድ ያስቆጥራቸው። ሲሚንቶ ነው፣ ጠርዙ በእጅ ሲዳሰስ ሻካራ ነው፤ ወደ ላይ እየጠበበ ሄዶ አየር ላይ ይቆማል። ልጅ ከመጽሐፍ በላይ የሚይዘው ይህን ነው። አንበሳው ከሥር ሲታይ ትንሽ ነው፤ ግን ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ማየት አይርሱ።

ወደ ውስጥ ሲገቡ የሚጠብቁትን ማስተካከል ያስፈልጋል። ሙዚየሙ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የኢትኖሎጂ ሙዚየም ነው። ሥራው የብሔረሰቦችን ባህል፣ ሥነ ሥርዓት፣ የሙዚቃ መሣሪያና ቅዱሳት ሥዕላትን ማሳየት ነው፤ ይህንንም በሚገባ ይሠራል። ለየካቲት 12 ብሎ የመጣ ሰው ግን ክፍሎቹን በሙሉ አይቶ ስለ ቀኑ ብዙ ሳያገኝ ሊወጣ ይችላል። ይህ የሙዚየሙ ጥፋት ሳይሆን የዓላማ ልዩነት ነው፤ ታሪኩ ያለው በሕንፃው ራሱ ላይ እንጂ በመስተዋት ሣጥኖቹ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ለውስጡ አንድ ሰዓት ተኩል መድበው፣ የየካቲት 12ን ጉዳይ ግን ውጭ ጨርሰው ይግቡ።

ውስጥ አንድ ስሕተት በተደጋጋሚ ይፈጸማል። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ውስጥ ባለው መስተዋት ላይ የጥይት ቀዳዳ ይታያል። ጎብኚው ወዲያው ከግራዚያኒ ቀን ጋር ያያይዘዋል። ያ ቀዳዳ የታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ነው፤ በዚያ ጊዜ ባለሥልጣናት በዚሁ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ተረሽነዋል። ከዚያ ወዲህ ነው ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው። አንድ ቤት ሁለት ደም ስላየ ሁለቱን መለየት የአስጎብኚው ግዴታ ነው።

ከግቢው ወጥተው ወደ ሐውልቱ ሲሄዱ ነው ዋናው ትምህርት መነገር ያለበት። የተለመደው አነጋገር «ጣሊያን ተናዶ ሦስት ቀን ሕዝቡን ጨፈጨፈ» የሚል ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ እዚህ ላይ ገዳዩን ይጠቅማል። ንዴት ቢሆን ኖሮ በረደ ይባል ነበር። የሆነው ግን የተደራረበ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ትእዛዝ፣ ዝርዝር፣ የጭነት መኪና፣ ቤንዚን፣ የጦር ፍርድ ቤት፣ መርከብ።

ከቦምቡ በፊት ይጀመር። ሙሶሊኒ ገና በግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም የተያዙ «ሽፍቶች» ሁሉ እንዲረሸኑ በቴሌግራም አዟል። በሐምሌ 1 ቀን 1928 ዓ.ም ደግሞ በሸፈተውና ሽፍታን በረዳው ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲ በሥርዓት እንዲካሄድ ለግራዚያኒ ፈቀደለት። በዚያው ሐምሌ አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሞከሩ፤ ሙከራው ከከሸፈ በኋላ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን ተረሸኑ። ማለትም መሣሪያው ከየካቲት ሰባት ወር በፊት ተወልውሎ ተቀምጧል። ቦምቡ ምክንያት ሆነ እንጂ አሠራሩን አልፈጠረም። አስጎብኚው ከሐምሌ ካልጀመረ ጎብኚው የካቲትን አይረዳውም።

ቀጥሎ ሦስቱ ቀናት። የፋሺስት ፓርቲው የአዲስ አበባ ኃላፊ ጊዶ ኮርቴዜ ጥቁር ሸሚዞቹን፣ ማለትም የፋሺስት ሚሊሻዎቹን፣ እንዲሁም የጣሊያን ሠራተኞችን ለሦስት ቀን ለቀቃቸው። መደበኛው ጦር ሳይሆን ገዥው ፓርቲ መምራቱ ልብ ይባል፤ ወታደሩ በደንብ ይያዛል፣ ሲቪሉ ደግሞ ዱላ፣ ጩቤና ቦምብ ይዞ ይሰማራል፣ ኋላ ግን ማንም በስሙ አይጠየቅም። የአዲስ አበባ ቤት ያኔ አብዛኛው በጭቃና በእንጨት ተሠርቶ በሣር የተከደነ ነው። ቤንዚን ረጭቶ ክብሪት መጫር በቂ ነበር፤ በሩ ከውጭ ከተዘጋ የሚወጣ የለም። ሌሊቱን ከተማው በቃጠሎ ብርሃን ታየ። አስከሬን በጭነት መኪና ተለቀመ። ሦስተኛው ቀን እሑድ ነው፤ በዚያ ቀን ኮርቴዜ ራሱ «ይብቃ» ብሎ ትእዛዝ አወጣ፣ ቆመም። በትእዛዝ የሚቆም ነገር በትእዛዝ የተጀመረ ነው። ከጉብኝቱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ቢባል ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው እንዲያውም ይከፋል፤ ግን ጩኸት ስለሌለው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የተማረው ሰው በስም ተፈለገ። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ምሩቃን፣ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ተለቅመው ተረሸኑ። የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች ዮሴፍና ቢንያም፣ በእንግሊዝ አገር የተማሩ መሐንዲሶች፣ ከእነዚህ መሐል ናቸው። ይህ ቂም ብቻ አይደለም፤ ነገ አገር የሚያስተዳድረውን ሰው አስቀድሞ ማጥፋት ነው። ከነጻነት በኋላ ቢሮዎች ሰው ያጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በደቡብ ደግሞ ውጊያ ላይ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ተይዘው በየካቲት 17 ቀን ተረሸኑ፤ ደጃዝማች በየነ መርዕድም በዚያው ወር።

ያልተገደለው ታሰረ ወይም ተጋዘ። ሦስት ስሞችን መያዝ ያስፈልጋል። ዳናኔ፣ ከሞቃዲሾ በስተደቡብ ያለ የሶማሊያ ጠረፍ ካምፕ፤ ሙቀት፣ መጥፎ ውሃና ወባ ገዳይ የነበሩበት። ኖኩራ፣ በዳህላክ ደሴቶች ያለ የቀይ ባሕር ደሴት፤ ቀድሞም የኤርትራ እስረኞች የሚያውቁት። አዚናራ፣ ከሰርዲኒያ አጠገብ ያለ ደሴት፤ መኳንንትና ቤተሰቦቻቸው የተጋዙበት፣ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅም ከልጆቻቸው ጋር የታሰሩበት። ደገኛን ሰው ወደ ቆላ ጠረፍ ማውረድ ራሱ ቅጣት ነው፤ ጥይት አያስፈልገውም።

ቀጥሎ አዝማሪው፣ ባሕታዊው፣ ጠንቋዩና ወሬ አቀባዩ መጣ። የግራዚያኒ መንግሥት እነዚህ ሰዎች «የጣሊያን ጊዜ አጭር ነው» እያሉ በየገበያው ሕዝቡን እንደሚያነሳሱ አምኖ እንዲለቀሙና እንዲረሸኑ አዘዘ። ጋዜጣና ራዲዮ ለብዙው ሕዝብ በማይደርስበት አገር አዝማሪ ጋዜጣ ነው። ግዞቱ ለመኳንንቱ፣ ጥይቱ ለተማረውና ለአዝማሪው፤ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የየራሱ መዝጊያ ተዘጋጅቶለት ነበር።

አሁን ሐውልቱ ሥር ደርሰናል። 28 ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጥ ያለ ድንጋይ ነው፤ የዩጎዝላቪያ ቀራጮቹ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሠሩት፣ በ1947 ዓ.ም የተመረቀ። ከታች ዙሪያውን የተቀረጹት ምስሎች ናቸው መታየት ያለባቸው። ከአንድ ጎን ቆሞ አይቶ መሄድ ስሕተት ነው፤ ዙሪያውን ቀስ ብሎ መዞር ያስፈልጋል። የወደቁት ሰዎች እርስ በርስ ተደራርበዋል፤ እናት ልጇ ላይ አጎንብሳለች፤ እጆች ወደ ላይ ተዘርግተዋል። ጥሩው ብርሃን ረፋድ ወይም ዐሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከራስ በላይ ስለምትሆን የቅርጹ ጥልቀት ይጠፋል፣ ፎቶውም ይጠፈጠፋል። አደባባዩ የመኪና መዞሪያ ስለሆነ መንገዱ ሲቋረጥ በእግረኛ መሻገሪያው ብቻ፤ ከልጆች ጋር በተለይ።

ሐውልቱ አንድ ጉድለት አለበት፤ ከቅርጽ ጥበብ የሚጠበቅ ስላልሆነ ወቀሳ አይደለም። ሞቱን ያሳያል፣ ያዘዘውን አያሳይም። ኮርቴዜ የለም፣ ቴሌግራሙ የለም፣ ዳናኔ የለም። ለዚህ ነው ብቻውን የታየ ሐውልት «አረመኔ መጣ፣ ገደለ፣ ሄደ» የሚል ስሜት ትቶ የሚሄደው።

ስለ ቁጥሩ ጎብኚ ሁሉ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበውና በየዓመቱ የሚዘከረው 30,000 ነው። የኋላ ጥናት የሦስቱን ቀናት ሟቾች ከ19,000 እስከ 20,000 ባለው ውስጥ ያስቀምጣል፤ ጣሊያኖች ያኔ ያመኑት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ማን ከማን ጋር እንደተቆጠረ ነው፤ ግቢው ውስጥ የወደቁት፣ ከከተማው ዳር የተቃጠሉት፣ ከሳምንታት በኋላ የተረሸኑት በአንድ ይቆጠሩ ወይስ በየብቻ? ጥሩ አስጎብኚ ቁጥሩን ከነምንጩ ይናገራል። አንዱን ቁጥር ብቻ ጮክ ብሎ የሚናገር አስጎብኚ ጎብኚውን ኋላ ለተከራካሪ ያጋልጠዋል።

አስጎብኚ ሲቀጥሩ ከመስማማትዎ በፊት አራት ጥያቄ ይጠይቁ። አንደኛ፣ የአራት ኪሎው ሐውልት የምንድን ነው? መልሱ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት ነው፤ ከስድስት ኪሎው ጋር የሚያምታታ ሰው ካጋጠመ ሌላ ይፈልጉ። ሁለተኛ፣ የደብረ ሊባኖስ ገዳም ጭፍጨፋ መቼ ነው የተፈጸመው? «በሦስቱ ቀናት» ካለ ተሳስቷል፤ ግንቦት ነው። ሦስተኛ፣ አብርሃና ሞገስ ከየት መጡ? ኤርትራዊነታቸውን የሚያድበሰብስ አስጎብኚ ዋናውን ነገር ይደብቃል፤ ሁለት የቅኝ ግዛት ተወላጆች፣ ጣሊያንን ከማንም በላይ በቅርብ የሚያውቁ፣ ለምን ቦምብ እንዳነሱ ራሱ ታሪክ ነው። አራተኛ፣ ግራዚያኒ ምን ሆነ? በዚህ ግፍ ለፍርድ አልቀረበም። በ1950 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አገሩ ውስጥ 19 ዓመት የተፈረደበት ከናዚ ጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፤ ያንንም ወራት ብቻ ታስሮ ወጣ። በዚያው አቆጣጠር በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ቆመለት። ይህን ሲሰሙ ብዙ ጎብኚዎች ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ይገባል።

ጊዜ ላለው ሰው የጉብኝቱ ቅጥያ ወደ አራዳ ነው። ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ ወርደው የድል ሐውልቱን ያዩታል፤ ከዚያ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጎራ ይበሉ። የኢትዮጵያን ጉዳይ በእንግሊዝ አገር በጋዜጣዋ ስትሟገት የኖረችው ሲልቪያ ፓንክረስት የተቀበረችው እዚያ ነው። ከዚያ በታክሲ አራዳ ጊዮርጊስ። ካቴድራሉ በዚያ የካቲት እሳት ተለቆበታል፤ ዛሬ የሚታየው ከነጻነት በኋላ የታደሰው ነው። ስምንት ማዕዘን ያለው ሕንፃ ነው፤ ዙሪያውን እየዞሩ ድንጋዩን ማየት ያስፈልጋል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ለምን ኢላማ እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም፤ የምኒልክን ሐውልትም ከፊቱ ነቅለው ነበር። ከዚያ ጥቂት ወርዶ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። እዚህ መጨረስ ጥሩ ነው፤ ከሐምሌ 1928 ስለጀመርን ወደ ሐምሌ እንመለሳለን።

ደብረ ሊባኖስን በዚያው ቀን መጨመር አይመከርም። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል። የተደረገውም እንዲሁ ለብቻው መሰማት አለበት። የአብርሃ ባለቤት ገዳሙ ውስጥ ተጠልላ ስለነበር ግራዚያኒ መነኮሳቱን በሴራው ከሰሰ። አፈጻጸሙን ለጄኔራል ፒየትሮ ማሌቲ ሰጠ። ቀኑ ሆን ተብሎ ተመረጠ፤ ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ነው፣ ገዳሙ ከአራቱም ማዕዘን በመጣ ተሳላሚ ይሞላል። ወታደሮቹም ተመርጠዋል፤ ክርስቲያኑ አስካሪ (ለጣሊያን የሚዋጋ የቅኝ ግዛት ወታደር) በመነኮሳት ላይ አልተኩስም እንዳይል ክርስቲያን ያልሆነ ጦር ተመደበ። በማግስቱ መነኮሳቱ በተሸፈነ የጭነት መኪና ላጋ ወልዴ ወደሚባለው ቦታ ተወስደው ተረሸኑ። ግራዚያኒ ለሮም የላከው ቁጥር 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን ነው፤ ከቀናት በኋላ ደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ ላይ 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። በጠቅላላው 449። የኋላ ጥናት ግን ከ1,800 እስከ 2,200 ያደርሰዋል። ልዩነቱን ለማስታረቅ አንድ ነገር ማሰብ ይበቃል፤ በንግሥ ዋዜማ ገዳም ውስጥ የሚያድረው መነኩሴ ብቻ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለገዥው መንግሥት ምን አተረፈለት የሚለውን መልስ አስጎብኚው ሳይነግር ማለፍ የለበትም። ሸዋ፣ ጎጃምና ላስታ ከዚያ ክረምት ጀምሮ ተነሱ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የሚጠብቀው ቤት ስለሌለው ዱር ገባ፤ ከገዳም የተረፈውም ስንቅ አቀባይ ሆነ። ግራዚያኒ በ1930 ዓ.ም መጀመሪያ ተነስቶ የአኦስታው መስፍን ተተካ፤ የተተካውም ሽብሩ አገሩን ስላላረጋጋ ነው። በየተራራው የነበረው አርበኛ ግን እስከ 1933 ዓ.ም አልወረደም።

ስለ ልጆች አንድ ቃል። ከዐሥር ዓመት በታች ላለ ልጅ ጠመዝማዛው ደረጃ፣ አንበሳውና የሐውልቱ ቁመት ይበቃሉ፤ የቃጠሎውን ዝርዝር መንገር አያስፈልግም። ከዚያ በላይ ላለው የስምዖንን ታሪክ ይንገሩት፤ ቦምብ ያልወረወረ፣ መኪና የነዳ፣ ስሙ ብዙ የማይነሳ ሰው።

ቀኑን መምረጥ የሚችል ሰው በዓመቱ ሁለት ምርጫ አለው። ጸጥ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ከየካቲት 12 በፊት ያለው ሳምንት ጥሩ ነው፤ ክረምቱ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ዝክሩን ለሚፈልግ ራሱ የካቲት 12 ነው፤ አርበኞችና ልጆቻቸው በባህል ልብሳቸው ይመጣሉ፣ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ ማርሽ ባንዱ ይጫወታል። በዚያ ቀን በአደባባዩ ዙሪያ መኪና ማቆም አይታሰብም፤ አራት ኪሎ ወርደው ሽቅብ በእግር ይውጡ። ሚካኤልም ስለሆነ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ከእርስዎ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ከእነሱ መሐል ያሉትን ሽማግሌዎች ሐውልቱ ሥር ጥቂት ቆመው እስኪሳለሙ ይጠብቁላቸው፣ ፎቶው ይቆየዎታል።